የዓሣው ብር ከስልክ የሚወጣበት ሰዓት፦ ከሐዋሳ አሞራ ገደል የአንድ ነጋዴ ጉዳይ

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ የደንበኞቹ ቁጥር ከ54 ሚሊዮን በላይ መድረሱ ተነግሯል። ቁጥሩን አልጠራጠረውም። የምጠራጠረው ቁጥሩን ተከትሎ የሚመጣውን ድምዳሜ ነው። ሰው የሞባይል ገንዘብ ሂሳብ ከፈተ ማለት ብሩን በስልኩ ያንቀሳቅሳል ማለት አይደለም፤ ያንቀሳቅሳል ማለትም ብሩ ስልኩ ውስጥ ይቆያል ማለት አይደለም። ሕዝቡ ዲጂታል ገንዘብን በተግባር ምን እንደሚያደርገው ማወቅ የፈለገ ሰው ከእነዚያ ሚሊዮኖች አንዱን መርጦ፣ የዚያን ሰው ብር ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ በየትኛው ሰዓትና በማን እጅ ወደ ወረቀት እንደሚለወጥ መከተል ይኖርበታል። ከዚህ በታች ያለው እንዲህ ያለ የአንድ ሰው ጉዳይ ነው፤ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ አንዲት እናት ገንዘብ።

ስማቸውን አልጽፍም። አካባቢው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል፣ እኔም እንዲሁ እላቸዋለሁ።

አሞራ ገደልን፣ የሐይቁን ዳር የዓሣ ገበያ፣ ያየ ያውቀዋል። ጠዋት ጀልባዎች ይደርሳሉ፣ ዓሣው ይወርዳል፣ ወጣቶች በየጣውላው ላይ ቢላዋቸውን ይዘው ይሞልጩታል፣ አባ ኮዳ የተባሉት ትልልቅ ወፎች ራቅ ብለው ቆመው አንጀቱን ይጠብቃሉ። ከረፋዱ ጀምሮ ጥብሱና ሾርባው ይቀጥላል። ዋናው ዓሣ ቆሮሶ ነው፤ አምባዛና ቢልጫም አለ። ጾም ሲገባ ገበያው ይደራል። (ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን፤ ገበያው እንደሆነ ፈርዷል።) ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ይሞላዋል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ የገብርኤል ንግሥ ሲሆን፣ ከተማው ራሱ ይጠባል።

እትዬ ዓሣውን ከጀልባ ላይ በጠዋት ይረከባሉ፣ ቀኑን ይጠብሳሉ፣ ማታ ከልጃቸው ጋር ሂሳብ ይዘጋሉ። ልጅቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የስልኩን የሚስጥር ቁጥር የያዘችው እሷ ናት። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር በኋላ ትልቅ ሆኖ ይመጣል።

መጠይቅ ይዞ የመጣ ሰው እትዬን «የሞባይል ገንዘብ ይጠቀማሉ?» ቢላቸው «አዎ» ይሉታል። «ለምን?» ቢላቸው «ሰው ይከፍለኛል» ይሉታል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ከሁለቱም ግን ጠያቂው የሚያተርፈው በቅጹ ላይ ሁለት ምልክት ብቻ ነው። በዚህ መንገድ የተሰበሰበ ብዙ ወረቀት በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ስለማውቅ ሌላ መንገድ መረጥሁ። ማታ፣ ልጅቱ ባለችበት፣ በእትዬ ፈቃድ፣ ከቴሌብር አጭር ቁጥር፣ ከ127፣ የሚገቡትን የጽሑፍ መልእክቶች አንድ በአንድ እየከፈትን «ይህ ምን ነበር?» እያልን መሄድ። መልእክቱ ስንት ብር፣ ከማን፣ በስንት ሰዓት እንደገባ ይናገራል፤ ለምን እንደገባ አይናገርም። እትዬ ደግሞ ለምን እንደገባ አይረሱም፣ ስንትና መቼ እንደሆነ ግን ይጠፋባቸዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ነገሩ ሥጋና አጥንት ያገኛል። «ይህ የእሑዱ ነው፣ ዐሥር ሆነው መጥተው አንዱ ከፈለ»፣ «ይህ ዱቤ ነበረበት፣ አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ ላከልኝ»፣ «ይህን ዝለለው።»

ዝለለው የተባለውን እዘላለሁ፤ ስምም ስልክ ቁጥርም አልገለብጥም። ስምምነታችን ይህ ነበር። ሆኖም የተዘለሉት መልእክቶች ራሳቸው አንድ ነገር ነገሩኝ። ብዙዎቹ ወጪ እንጂ ገቢ አልነበሩም፤ ወደ ገጠር ዘመድ የሄዱ፣ ቤተሰብ ውስጥ ሁሉም እንዲያውቃቸው የማይፈለጉ። ጥሬ ብር ከመቀነት ሲወጣ ሰው ያያል። ከስልክ ሲወጣ የምታየው ልጅቱ ብቻ ናት።

ሰዎች በአንድ መሣሪያ የሚሠሩት መሣሪያው የተሠራለትን ነገር ብቻ አለመሆኑ በጎረቤታችን በኬንያ ቀድሞ ታይቷል። ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሞከር የታሰበው የአነስተኛ ብድር ተበዳሪዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉበት ነበር። የሙከራው ተሳታፊዎች ፋውሉ ከተባለ አበዳሪ ተቋም የተውጣጡ ነበሩ። ሙከራውን የመሩት ሰዎች ግን በገንዘቡ ላይ ሌላ ነገር ሲደረግ አዩ። ተበዳሪው ለሌላ ሰው ይልክበታል፤ ነጋዴ ለነጋዴ ይከፍልበታል፤ ባንክ ከተዘጋ በኋላ የቀኑን ሽያጭ ያሳድርበታል፤ መንገደኛው መነሻው ላይ አስገብቶ መድረሻው ላይ ያወጣበታል፣ በመንገድ እንዳይዘረፍ። አገልግሎቱ በመጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. በይፋ ሲከፈት ብድር መክፈያነቱ ወደ ኋላ ተትቶ ገንዘብ ወደ ቤት መላኪያ ሆኖ ወጣ። ያን ጊዜ የተጠየቀው «ትጠቀማላችሁ?» የሚል ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ «አዎ» ሆኖ በዚያው ይቀር ነበር። ኤም-ፔሳ ራሱ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው፤ በእትዬ ጉዳይ ውስጥ ግን የለበትም፣ የእሳቸው ደንበኞች የሚልኩት በቴሌብር ወይም በባንክ ነው።

ወደ ገቢው እንምጣ። በሳምንቱ መካከል የሚበላው የከተማው ሰው ነው፤ ባብዛኛው በጥሬ ብር ይከፍላል። ቅዳሜና እሑድ ይገለበጣል። እንግዳው ኪሱን አይዳስስም፤ ስልኩን ያወጣል፣ ግድግዳው ላይ በቀለም የተጻፈውን ቁጥር ይመታል። ቁጥሩ የእትዬ የግል ስልክ ቁጥር ነው፤ የነጋዴ ሂሳብ አልከፈቱም። ለምን እንዳልከፈቱ ሲጠየቁ «ሰዉ ይህን ቁጥር ለምዶታል» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ሁሉ ነገር ተቆጥሮ ከታየ ግብሩ ምን ሊሆን ነው?» ይላሉ። በመጀመሪያው መልስ ውስጥ እውነት አለ፤ ሁለተኛው ግን ይበልጥ የሚያስረዳ ይመስለኛል። አነስተኛ ነጋዴ በግል ቁጥሩ መቀበሉን የዕውቀት ማነስ አድርጎ የሚያይ ሰው እትዬን አያውቃቸውም።

የከፈለና የከፈለ የመሰለ ሰው እንዴት ይለያሉ? በአሞራ ገደል ይህ የዕለት ጥያቄ ነው። ስልኩ ላይ ያለውን የክፍያ ምስል አሳይቶ የሚሄድ ሰው አለ፤ ምስሉ የትናንት ሊሆን ይችላል፣ የተቀነባበረም ሊሆን ይችላል። የ127ን አጻጻፍ አስመስሎ ከተራ ስልክ ቁጥር የሚልክም አለ። የሚደርሳቸው መልእክት በእንግሊዝኛ ነው፣ እትዬም እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ግን ሁለት ነገር ያያሉ። ላኪው 127 መሆኑን፣ ከዚያም የብሩን አኃዝ። ሁለቱ ካልታዩ እንግዳው ቁጭ ይላል። ኔትወርክ ሲዳከም ይህ መቀመጥ ይረዝማል፤ ሻይ ይጋበዛል እንጂ አይለቀቅም። አንዳንዱ ይቆጣል። እትዬ ግን በዚህ ነገር አያፍሩም፦ «ዓሣውን እኔም በብድር አላመጣሁት!»

አሁን ወደ ሚስጥር ቁጥሩ። ብር ለመቀበል ሚስጥር ቁጥር አያስፈልግም፤ ለመላክ ግን ያስፈልጋል። ልጅቱ ትምህርት ቤት ስትሆን እትዬ የሚቀበሉ እንጂ የማይልኩ ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሂሳባቸው በአንድ በኩል ብቻ የተከፈተ በር ነው። ለምን ቁጥሩን አይማሩም? ጥቂት አኃዝ መያዝ አቅቷቸው አይደለም፤ የደንበኞቻቸውን ዱቤ ሁሉ በቃላቸው የሚይዙ ሴት ናቸው። «እኔ ካወቅሁት አንዱ ዘመድ ለምኖ ያስልከኛል፤ አላውቀውም ካልሁ እውነቴን ነው» አሉኝ። በባንክ ቋንቋ ይህ የቁጠባ ዘዴ ይባል ይሆናል። በዳሰሳ ጥናት ቅጽ ላይ ግን «በራሷ መጠቀም የማትችል» ተብሎ የሚሞላው ይኸው ነው።

ገቢው እንዲህ ነው። ችግሩ ያለው ወጪው ላይ ነው፤ ጥናቱም በእርግጥ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

መረብ ማታ ይጣላል፣ ንጋት ላይ ይነሣል። ጀልባው ዳር ሲደርስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ዓሣ አጥማጁ የሚፈልገው ጥሬ ብር ነው። ይህን «ገና አልገባቸውም» በሚል የሚያልፈው ባለሙያ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ጉዳዩን ዘርዘር ላድርገው። አጥማጁ ስልኩን ይዞ ውሃ ላይ አይወጣም፤ ቤት ትቶት ይሄዳል። የተያዘው ዓሣ የአንድ ሰው አይደለም፤ ጀልባው የአንዱ፣ መረቡ የሌላው፣ ቀዘፋው የሁለት ወይም የሦስት ሰው ነው፣ ክፍፍሉም ዓሣው በተሸጠበት ቦታና ሰዓት ይፈጸማል። ብሩ ለአንዱ በስልክ ቢላክ ያ ሰው ለሌሎቹ ባለዕዳ ሆኖ ይውላል፤ ሌሎቹም ሌሊቱን በቅዝቃዜ አድረው ቁርስ የሚበሉበት አያጡም ማለት ይቸግራል። በዚህ ላይ የኖቱ ዓይነት አለ። የ200 ብር ኖት ከመስከረም 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ኪሳችን ገብቷል፤ ለሐይቁ ዳር ክፍፍል ግን ምቹ አይደለም። ለሦስት ሰው አይከፈልም፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ ዝርዝር ያለው ሱቅ አልተከፈተም።

ስለዚህ እትዬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ በእጃቸው፣ በትናንሽ ኖት፣ ጥሬ ብር ያስፈልጋቸዋል። ያላቸው ብር ግን ስልክ ውስጥ ነው።

ብሩን በዋዜማው ከወኪል ማውጣት ይችላሉ። ማስገባት ነፃ ነው፣ ማውጣት ግን ያስከፍላል፤ ክፍያው በአንድ ጊዜ ሲያዩት ትንሽ ነው፣ በየቀኑ ሲሆን ግን የጥብሱን ትርፍ ይነካል። ከክፍያው የሚከፋው የወኪሉ ገንዘብ ማለቅ ነው። የእሑድ ማታ ወኪል መሳቢያው ባዶ ነው፤ እንግዳው በስልክ የከፈላቸው ሻጮች ሁሉ በዚያው ምሽት ወደ እሱ ይመጣሉና። እትዬ ብዙ ዲጂታል ብር የሚኖራቸው በዚያው ቀን ነው፣ ጥሬ ብር የሚጠፋውም በዚያው ቀን ነው። ለሁለቱም ምክንያቱ አንድ እንግዳ ነው። ወኪሉ ለደንበኞቹ ጥቂት ያስቀራል፤ እሱም ቢሆን በ200 ብር ኖት ይሰጣል።

ታዲያ እንዴት ይኖራል? እዚህ ላይ የባጃጅ ነጂው ይገባል።

ነዳጅ በቴሌብር ብቻ እንዲከፈል በአዲስ አበባ የተጀመረው ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አሠራሩ በመላ አገሪቱ ተስፋፍቷል። ከዚያም በፊት፣ ከ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ጀምሮ፣ የሕዝብ ማመላለሻዎች የነዳጅ ድጎማ በዚሁ መንገድ ሲሰጥ ነበር። ሕጉ ሲወጣ ስለ ማደያዎች፣ ስለ ቁጥጥርና ስለ ድጎማ ብዙ ተባለ። ሕጉ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለዓሣ ሻጭ ምን ያደርጋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ሊያስብም አይጠበቅበትም ነበር።

የባጃጅ ነጂው ኑሮ የእትዬ ተገላቢጦሽ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚሰበስበው አጫጭር ጉዞ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ጥቂት ብር ስልክ የሚያወጣ ተሳፋሪ ጥቂት ነው። ማታ ኪሱ ያረጁ የአምስት፣ የዐሥርና የሃምሳ ብር ኖቶች መጋዘን ይሆናል። ማደያ ሲደርስ ግን ይህ ሁሉ ወረቀት አያገለግለውም፤ ስልኩ ላይ ብር መኖር አለበት። ወኪል ዘንድ ሄዶ ቢያስገባ ነፃ ነው፣ ነገር ግን ወኪሉ የተጨማደዱ ኖቶችን መቁጠር አይወድም፤ ማደያ የሚሰለፍበት ንጋት ላይም ወኪሉ ተኝቷል።

ይህ ልጅ እትዬን በየጠዋቱ ከቤታቸው ወደ ሐይቁ የሚያደርሳቸው ነው፣ ዓሣውንም የሚያመላልስላቸው። አንድ ጠዋት ቆሞ የማየት ዕድል ያገኘሁት ንግግር ይህን ያህል ነበር፦

«እትዬ፣ ዛሬ ብር አለኝ።»

«ስንት አለህ አንተ ልጅ?»

ቆጠሩ፤ በባጃጁ የፊት መብራት፣ ሁለቱም እኩል እየቆጠሩ። ልጅቱ ከእንቅልፏ በቅጡ ሳትነቃ በሩ ላይ ቆማ ሚስጥር ቁጥሩን አስገባች። የነጂው ስልክ ጮኸ። ተሳፈሩ፣ ሄዱ።

እንበልና 4,000 ብር ተለዋወጡ። እትዬ የማውጫ ክፍያ ቀረላቸው፣ ብሩም በትናንሽ ኖት መጣላቸው፣ ሰዓቱም ልክ ሆነ። ነጂው ወኪል ፍለጋ ቀረለት፣ ማደያም በሰዓቱ ተሰለፈ። ለመላክ የሚቆረጠውን ጥቂት ብር እትዬ ይችላሉ፤ ስለዚህ አልተነጋገሩም፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደዚያ ሆኖ ቀረ። አንዱ ለሌላው ኮሚሽን አይከፍልም። ይህ ልጅ ፈቃድ የሌለው፣ ሱቅ የሌለው፣ ንጋት ላይ የሚከፍት ወኪል ነው፤ እሱ ግን ራሱን እንደዚያ አያየውም፣ ለእትዬ ውለታ የሚውል ይመስለዋል። እትዬም ለእሱ ውለታ የሚውሉ ይመስላቸዋል።

ስለ መተማመን ጠይቄያለሁ። ኔትወርኩ በዘገየ ጠዋት ማን ቀድሞ ይለቃል? ነጂው። ጥሬውን ሰጥቶ መልእክቱ ሳይመጣ ይሄዳል፤ ከማደያ ሰልፍ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ይህን ለሌላ ሰው ያደርጋል? «አላደርገውም፣ ቤታቸውን አውቀዋለሁ» አለኝ። ማረጋገጫው የ127 መልእክት ሳይሆን የበሩ መታወቅ ነው። በዚያው መንደር እንዲሁ የየራሳቸው ባጃጅ ያላቸው ሌሎች ሻጮችም አሉ፤ አንዱ የሌላውን ነጂ አይነካም።

እዚህ ላይ ብቆም ጉዳዩ ደስ የሚል ታሪክ ሆኖ ያልቅ ነበር። ቤንዚን ጠፋ።

የሐዋሳ ሰው የቤንዚን ወረፋን ሊነገረው አይፈልግም። ባጃጆች በመንገዱ ዳር ተደርድረው ያድራሉ፤ ማደያው አንዳንዴ ይከፍታል፣ አንዳንዴ «የለም» ይላል። መሥራት ያለበት ነጂ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጡት ይገዛል፣ ከማደያው ዋጋ በላይ። የጠርሙሱ ሻጭ ደግሞ በስልክ አይቀበልም፤ የሚሸጠው ነገር በሕግ የሚያስጠይቅ ስለሆነ በመዝገብ ላይ የሚቀር ብር አይፈልግም። የነጂው ጥሬ ብር በአንድ ጊዜ ለራሱ የግድ ሆነ። የስልክ ብር ደግሞ ማደያው እስኪከፍት ድረስ ምንም አያደርግለትም።

በዚያ ሰሞን የእትዬን መልእክቶች ስንመለከት ለውጡ ግልጽ ነበር። ወደ ነጂው የሚሄደው የጠዋት መልእክት ጠፋ። በምትኩ የዋዜማ ምሽት የወኪል ማውጫዎች መጡ፣ ቁርጥራጭ ሆነው፤ ወኪሉ ለአንድ ሰው የሚሰጠውን ስለቀነሰ ከአንዱ ትንሽ፣ ከሌላው ትንሽ። ቀሪ ሂሳቡ ደግሞ ከወትሮው ከፍ አለ። ከሩቅ ሆኖ አኃዙን ብቻ ያየ ሰው «ይህች ደንበኛ በስልኳ መቆጠብ ጀመረች» ብሎ ይጽፋል፣ በሪፖርትም ያመሰግናቸዋል። እትዬ በዚያ ሳምንት የገዙት ዓሣ አንሷል። ብር ነበራቸው፤ ብራቸው ግን ከሐይቁ ዳር ጋር የሚነጋገርበት ሰው አልነበረም። ቤንዚን ሲጠፋ የዓሣ ጥብስ ያንሳል ቢባል ማን ያምናል?

የቀረውን ክፍተት የሞላው ዱቤ ነው። ሁለት ጀልባዎች ለእትዬ ዓሣ በቃል መስጠት ጀመሩ፣ ሐሙስ ለመክፈል። የዱቤ ዓሣ ትልልቁ ተመርጦ ካለቀ በኋላ የቀረው ነው፤ ይህ ወለዱ ነው ማለት ይቻላል፣ ማንም ወለድ ባይለውም። በስልክ የሚገኝ ብድር ለምን አልወሰዱም? ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ የብድር አገልግሎቶችን ከጀመረ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጅቱም አሳምራ ታውቃቸዋለች። መልሱ ቀላል ነበር። ብድሩ የሚመጣው ስልክ ላይ ነው፣ እትዬ ያጡት ደግሞ ስልክ ላይ ያለ ብር አይደለም።

ስለ ዓሣ ሞላጮቹ ልጆች በአጭሩ ላንሳ፣ ዲጂታል ገንዘብ የሚለውን ስም ሲሰሙ ቀድመው የተጠጉኝ እነሱ ናቸውና። በ2016 ዓ.ም. ክረምት እጃቸውን ታጥበው ስልካቸው ላይ ሐምስተር ኮምባት የተባለውን የክሪፕቶ (የኢንተርኔት ሳንቲም) ጨዋታ ሲነካኩ ያልዋሉ ጥቂቶች ናቸው፤ ሳንቲሙ መስከረም 2017 ዓ.ም. ሲከፋፈል አብዛኞቹ ያገኙት ከድካማቸው ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም እንደማይፈቀድ አሳውቆ ነበር፤ በአሞራ ገደል ግን ማስጠንቀቂያው ሥራ አልነበረውም፣ በሳንቲሙ ዓሣ የገዛም የሸጠም አላየሁምና። ልጆቹ የሚያወሩት እንደ ዕጣ ነው፣ የዕለት ደሞዛቸውን ግን በጥሬ ብር ይቀበላሉ። ከእነሱ ብዙ የተማርሁት ነገር የለም።

ዕቁቡ ግን ይጠቅማል። የሻጮቹ ዕቁብ የየዕለት ነው፤ ሰብሳቢዋ ማታ እየዞሩ ይሰበስባሉ፣ በጥሬ። አንዲት ሻጭ በስልክ ልላክ ብላ ጠይቃ ነበር። ሰብሳቢዋ «ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ጠዋት ዳር ላይ ይፈልገዋል፤ እኔ የት ልዘርዝረው?» ብለው መለሱላት። በሌላ አነጋገር፣ ዕቁቡም የሚቆመው እዚያችው የንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። እትዬ በቤንዚኑ ሰሞን ያወጡትን ጥሬ ብር ከዕቁቡና ከጀልባው መካከል መምረጥ ነበረባቸው፤ ዕቁቡን መረጡ። ለምን ሲባሉ በመገረም አዩኝ። ጀልባ ይታገሣል፣ ዕቁብ አይታገሥም።

ይህን ሁሉ ሳይ አጥማጆቹ የስልክ ብር ፈጽሞ እንደማይነኩ አምኜ ልደመድም ስል፣ አንድ ማታ ከመልእክቶቹ መካከል ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ወጪ ተገኘ። የተላከው ለአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ለዘመድ መስሎኝ ልዘለው ነበር። «እሱ የመረብ ነው» አሉ እትዬ።

መረብ ያልቃል፣ ይቀደዳል፤ አዲሱ የሚመጣው ከመርካቶ ነው። ነጋዴው ብሩ ሳይገባለት ዕቃውን በመኪና አይጭንም። አጥማጁ ለዚህ ብር አጠራቅሞ አዲስ አበባ ድረስ ቢሄድ የመኪናውና የማደሪያው ወጪ አለ፣ ሥራ የሚፈታባቸው ቀናትም አሉ። ስለዚህ ለተወሰኑ ሳምንታት ዓሣውን ለእትዬ በዱቤ ያስረክባል፤ ሂሳቡ መረቡን ሲያክል እትዬ በልጃቸው እጅ ለመርካቶው ነጋዴ ይልካሉ። መረቡ በአውቶቡስ ይመጣል። በዚህ መካከል አጥማጁ የራሱን ስልክ አንድ ጊዜም አላወጣም፣ አንድ ብርም አልቆጠረም፣ ነገር ግን ከጠቅላላው የዓመት ወጪው ትልቁን የከፈለው በሞባይል ገንዘብ ነው። «ተጠቃሚ ነህ?» ብለው የአገልግሎቱን ስም እየጠሩ ቢጠይቁት «እኔ? አይደለሁም» ይላል። እኔም ጠይቄው እንዲሁ ነበር ያለኝ፣ እትዬ አጠገቡ ቆመው እየሳቁ።

መልእክቱን ልጅቱ እንደገና ከፈተችልኝ። ላኪ፣ ተቀባይ፣ የብሩ መጠን፣ ቀንና ሰዓት። ከዚህ ውጭ ምንም አይልም፤ የብዙ ሳምንት ዓሣ መሆኑን፣ የዕዳው ባለቤት ሌላ ሰው መሆኑን፣ የተገዛው መረብ መሆኑን፣ ቁጥሩን ያስገባችው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ መሆኗን። በአገልግሎት ሰጪው መዝገብ ላይ ከግለሰብ ወደ ግለሰብ የተላከ ገንዘብ ተብሎ ተቀምጧል፤ ባጃጅ ነጂው በየጠዋቱ የሚደርሰውም እንደዚሁ። ልጅቱ በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ትገባለች ተብሎ ይጠበቃል፣ ምናልባትም ወደ ሌላ ከተማ። ሚስጥር ቁጥሩን ለማን እንደምትተወው እስካሁን አልተወሰነም። ታናሽ ወንድሟ ይፈልጋል፤ እትዬ አልተስማሙም።